ማግኔት የሚስበው ጥርስ

ዛሬ ረፋድ ላይ ሞጣ ውስጥ ለማላውቀው ሰው አለቀስሁ። ማልቀሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ተነሥቼ ንግግርም አደረግሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከብቸና በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ወረድሁና አንዱን የባጃጅ ሾፌር፣ «የመምህርቷ ልቅሶ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከመስጊዱ ዝቅ ሲሉ ድንኳን ያገኛሉ» አለኝ። ዝቅ ስል ድንኳን አገኘሁ። በአንድ መንደር ሁለት ድንኳን ሊተከል እንደሚችል ማሰብ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ገባሁ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ጥግ ያዝሁ። ሰው ሲያለቅስ አለቀስሁ፤ ንፍሮ ሲያዞሩ ሁለት ጊዜ ዘገንሁ።

የመጣሁት ግን ለንፍሮ አልነበረም። ለዓመታት ደረቴ ውስጥ የያዝሁትን አንድ ነገር በሰው ፊት ልናገር ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ጥቂት ከቆየሁ ልቤ ይከዳኛል። ስለዚህ ለቅሶው ጋብ ሲል ብድግ አልሁ።

«ወገኖቼ» አልሁ፣ «ሟቿ እውነተኛ ሰው ነበረች። በባሕር ውስጥ የብረት ጥርስ ያላት እንስሳ አለች ስትል ውሸታም ያልናት እኛ ነን። ከሁሉም ቀድሜ ያልኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥርሱ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ።»

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ የጋቢዬን ጫፍ ጎተት አደረጉ።

«ወንድሜ፣ የሞቱት የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው።»

«መምህርት ትርሲትስ?»

«የእሷ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ድንኳን ነው።»

የሾፌሩ ትልቋ ልጅ ጨዋ ናት። ዕንባዋን ጠርጋ፣ «አባታችን ስለ ባሕር አንሥተውልን አያውቁም ነበር፤ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። ከወዲያ ማዶ አንድ ጎልማሳ ጥርሱን ለማየት አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

ጥርሱን ሳላሳየው ወጣሁ። ወደ ትክክለኛው ድንኳን ከመግባቴ በፊት ግን ትርሲት ማን እንደነበረች ልንገራችሁ፤ አለዚያ እናንተም እንደ ሾፌሩ ልጅ ግራ ትጋባላችሁ።

ብቸና በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ማለት ቁልፍ ይዞ «የለም» የሚል ሰው ነው። አለ ካልሁ ይወስዱታል፤ ከወሰዱት ይሰብሩታል፤ ከሰበሩት እኔ እጠየቃለሁ። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን በሙሉ የለም ስል ኖርሁ። ጠመኔ እንኳ ከእኔ እጅ የወጣው እየተሰናበተኝ ነው።

ትርሲት ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን ስትፈልግ የምትውል። አንድ አመል ነበራት፤ እርግጠኛ የሆነችበትን ነገር ስትናገር በጣቷ ጥፍር የፊት ጥርሷን ኳ ኳ ታደርጋለች፤ በር የምታንኳኳ ነው የሚመስለው። በመጣች ሰሞን ንብረት ክፍል ገባችና፣

«ጋሽ ይስማው፣ ማግኔት አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«እዚያ መደርደሪያው ላይ ያለው ቀዩስ?»

«እሱማ አለ። ግን አይወጣም።»

እኔን አየችኝ። ቀጥላ መደርደሪያዎቹን አየች፤ የተሰበረውን ወንበር፣ ያልተከፈተውን ካርቶን፣ ከየት እንደመጣ እኔም የማላውቀውን የሰው አጽም ምስል። ጥርሷን ኳ ኳ አደረገችና፣ «እርስዎን የመሰለች እንስሳ ባሕር ውስጥ አለች» አለች።

«ቆንጆ ናት?»

«ራስ የላትም። ዛጎል ለብሳ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖር።»

«ቀጥይ።»

«ሥራዋ ውሃ ማጣራት ነው። ቀኑን ሙሉ ባሕሩን በአንድ በኩል ታስገባለች፣ በሌላ በኩል ትለቀዋለች። ምግቧን ታስቀራለች። ከምግቡ ጋር ውሃው ውስጥ የሟሟውን መዳብም፣ ዚንክም፣ ያገኘችውን ሁሉ ታስቀራለች። እንዳይጎዳት ሰውነቷ ውስጥ በትንንሹ ቋጥራ ታስቀምጠዋለች። ባሕሩ ውስጥ ለዓይን የማይሞላ ነገር እሷ ሥጋ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል።»

«ለምን አታወጣውም?»

«እርስዎ ማግኔቱን ለምን አያወጡም?»

ቁልፌን ኪሴ ከተትሁ። «ገባ እንጂ አልወጣም» አለችና ሄደች።

ይህች ቃል የእሷ መታወቂያ ሆነች። ስብሰባ ሲረዝም «ገባን እንጂ አልወጣንም» ትላለች። ሠርግ ላይ ሦስተኛ ሳህን የሚያነሣ መምህር ስታይ በሹክሹክታ «ገባ እንጂ አልወጣም» ትለኛለች። እኔ ቂም ስይዝም እንደዚሁ።

የሚገርመው ባሕር አይታ አታውቅም። የምታውቀው የአገሯን ሐይቅና ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። «ሳታይው በምን አወቅሽው?» ብላት፣ «እርስዎ ልብዎን አይተውት ያውቃሉ?» አለችኝ። ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ደሙ ሰማያዊ ነው፤ መዳብ ስላለበት ነው ብላ የነገረችኝ ዕለት የእራት ወጤን ሳላይ መብላት አልቻልሁም።

እንግዲህ አንድ ጾም ላይ ከሌላ አገር የመጡ መምህራን በእረፍት ሰዓት የቆርቆሮ ዓሣ ከፍተው ይበላሉ። እኛ የአገሩ ሰዎች በጎሪጥ እናያለን። ትርሲት፣ «ትንንሾቹን ዓሦች እንደልባችሁ ብሉ፤ ትልልቆቹን ግን አታዘውትሩ፤ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት የሚጠራቀምባቸው እነሱ ናቸው» አለች። ይህን ሰማሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ሲመጣልኝ ቢሮዬን ዘግቶ የሚያስቀረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የተከበርሁ ሽማግሌ ነበርሁ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ማግኔቱን በራሴ ፈቃድ አወጣሁ። መምህራኑ መካከል ገብቼ ካልተከፈተ የዓሣ ቆርቆሮ ጋር አስጠጋሁት። ቷ ብሎ ተጣበቀ።

«ይኸውላችሁ ብረቱ» አልሁ።

አንዱ ጉርሻውን ተፋ። አንዱ ሆዱን ያዘ። ወሬው ከሰዓት በኋላ በነበረው ሚኒባስ ሞጣ ገባ።

ሞጣ ዘይነባ የምትባል ባለሱቅ አለች፤ ከአያት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ነጋዴ የሆነች፣ ድምፅዋ ከሱቋ የሚሰፋ ሴት። ያን ዓሣ የምታከፋፍለው እሷ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቆርቆሮ ሳይሸጥላት ቀረና በአራተኛው ቀን አንድ ካርቶን ዓሣ አስጭና ብቸና ወረደች። ግቢው መሐል ቆማ፣ «የእኔን ዓሣ ብረት ነው ያለው ሽማግሌ የቱ ነው?» አለች። ጠቅላላ መምህራኑ ወደ እኔ ጠቆሙ። ጥያቄዋን እስክትጨርስ የጠበቀ አልነበረም።

ትርሲት መጣች። አንዱን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ዓሣውን በማንኪያ አውጥታ ሳህን ላይ አኖረች፤ ማግኔቱን ከእጄ ወስዳ አስጠጋችው። ዓሣው በሞተበት ረጋ። ከዚያ ባዶውን ቆርቆሮ አስጠጋች። ቷ።

«ጋሽ ይስማው የመረመሩት ጣሳውን ነው» አለች።

ዘይነባ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ የተወዳጁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ግን ያን ሳቅ ዋጥሁት። ገባ እንጂ አልወጣም።

ከዚያ የመምህራን ሥልጠና መጣ። ትርሲት የሜርኩሪውን ነገር በጨዋታ ላሳያችሁ ብላ ከእኔ ዘንድ አርባ ምስማር አስፈረመች፤ ባለ ስድስት ቁጥር። ለመምህራኑ አንዳንድ አደለቻቸው። «እናንተ ውሃው ላይ የምትንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናችሁ» አለቻቸው። ሰባቱን ትንንሽ ዓሣ፣ ሁለቱን መካከለኛ ዓሣ አደረገች። ትልቁ ዓሣ ርዕሰ መምህራችን ሆኑ፤ እሳቸው ባሉበት ሌላ ሰው ትልቅ ዓሣ መሆን ስለማይችል። ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ዓሣም ሆነው ክራባታቸውን አላላሉም። ትንንሾቹ ደቃቆቹን «በሉ»፣ ምስማራቸውን ወሰዱ። መካከለኞቹ ትንንሾቹን በሉ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን መካከለኞች በሉና አርባውን ምስማር ሱሪ ኪሳቸው ከተቱ።

«አያችሁ» አለች ትርሲት ጥርሷን ኳ ኳ እያደረገች፣ «ውሃው ውስጥ አንዳንድ ነበር። ትልቁ ዓሣ ዘንድ ሲደርስ አርባ ሆነ። ገባ እንጂ—»

ኪሳቸው ቀዳዳ ኖሯል። አርባው ምስማር በሱሪያቸው እግር በኩል ዝርግፍ አለ። ግማሹ ጫማቸው ውስጥ ገባ። እንደዚያ ሲዘልሉ አይተናቸው አናውቅም።

ሰው እያጨበጨበ ሲስቅ እኔ ማግኔቱን ይዤ ሣሩ ላይ ምስማር ለቀማ ጀመርሁ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «መምህርት፣ ይህ ሁሉ ብረት እንስሳ ሰውነት ውስጥ ካለ ማግኔት ለምን አይስበውም?» አሉ።

እኔም ጎንበስ ባልሁበት፣ «ይህን ነው እኔም የምለው» አልሁ። የቆርቆሮው ሳቅ ሆዴ ውስጥ እንዳለ ነውና።

ትርሲት የብር ቀለበቴን በማግኔቱ ነካች። ምንም የለም። «ማግኔት ሁሉን ብረታ ብረት አይስብም» አለች። «የሚስበውን ካላሳየሽን ካላችሁ ግን አለላችሁ። አለት ላይ የምትኖር፣ ጀርባዋ ላይ ስምንት ሳህን የደረደረች የምትመስል ትንሽ እንስሳ አለች። በአማርኛ ስም አልወጣላትም። ምግቧን የምትፍቀው ከድንጋይ ላይ ስለሆነ ለስላሳ ጥርስ አይበቃትም። ከምታገኘው ብረት እያከማቸች ምላሷ ላይ በረድፍ የብረት ጥርስ ታበቅላለች። ያን ጥርስ ማግኔት ይስበዋል።»

አሁን ሳቁ ከርዕሰ መምህሩ ወደ እሷ ዞረ። እሳቸውም ዕረፍት አገኙ፣ እኔም ነፍሴ ገባች። ምስማሩን እንደጨበጥሁ ቀና ብዬ፣ «ያን ጥርስ አምጪልኝና ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በማይክራፎን፣ ትርሲት እውነቷን ነው፣ ደንቆሮው እኔ ነኝ ባልል ከሰው አትቁጠሪኝ» አልሁ። ርዕሰ መምህሩም፣ «እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ያለ ተረት ክፍል ውስጥ አይነገርም» አሉ። በሚቀጥለው መንፈቅ ባዮሎጂውን ለሌላ ሰጥተው እሷን ስፖርት አስተማሪ አደረጓት። ያቺ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ሴት ፊሽካ ነፊ ሆነች። ተማሪው «ብረት ጥርሷ» ይላት ጀመር።

ማንም ያላስተዋለው፣ እኔ ግን ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥርሷን ኳ ኳ ማድረግ ተወች።

ዝውውር ጠይቃ ወደ ሞጣ ስትሄድ ክሊራንስ ልታስፈርም እኔ ዘንድ መጣች። የተመለሰው ምስማር ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። አልፈርምም አልሁ።

«ለአንድ ምስማር?»

«ለአንድ ምስማር።»

«የፈሰሰው ከርዕሰ መምህሩ ሱሪ ነው፤ እሳቸውን ይጠይቁ።»

«የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»

ሞጣ ሄዳ፣ ከዘይነባ ሱቅ አንድ ምስማር ገዝታ፣ በወረቀት ጠቅልላ ብቸና ድረስ ተመልሳ መጣች። ባለ ሰባት ቁጥር ነው። ዘይነባ ስድስት ስላልነበራት ነው። በማስመሪያ ለካሁት። «ይበልጣል» አልሁና ፈረምሁላት፤ ውለታ የዋልሁ መስሎኝ። ሳትሰናበተኝ አልሄደችም፤ እጄን ጨብጣ፣ «እንግዲህ እኔ ወጣሁ» አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ደረሰችኝ። ውስጧ ጥጥ አለ፤ ጥጡ ላይ ከገብስ ጢም የማይበልጥ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተደረደረበት ደረቅ ክር። ከክሩ ጋር ወረቀት፤ «ጋሽ ይስማው፣ የዘይነባ ወንድም እንስሳዋን ከጅቡቲ አለት ላይ ፈልፍሎ አመጣልኝ። ቀቅዬ ምላሷን አወጣሁት። ማግኔቱን ያውጡት።»

ንብረት ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍሁ። ማግኔቱን ያን የሥልጠና ቀን በጨርቅ ጠቅልዬ ካስቀመጥሁት ወዲህ ነክቼው አላውቅም። ጨርቁን ስፈታ፣ የፈረስ ኮቴ በመሰለው ማግኔት ጫፍና ጫፍ ላይ አንድ ነገር ጋደም ብሏል። ባለ ስድስት ቁጥር ምስማር። አርባኛው። ስለቅም ተጣብቆ፣ ሳላየው እኔው ራሴ ጠቅልዬዋለሁ።

ማግኔቱን ወደ ክሩ አስጠጋሁ። ክሩ ከጥጡ ላይ ብድግ አለና ተጣበቀ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ያን ጊዜ በሩን ከፍቼ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ብልቃጧን ከድኜ፣ ማግኔቱን ከነምስማሩ መልሼ ጠቀለልሁ። በዓሉ ይለፍ አልሁ። ፈተና ይለፍ አልሁ። ማይክራፎኑ ተበላሽቷል አልሁ። ከዚያ ጡረታ ወጣሁ፤ ማግኔቱንም ሰው አልጠየቀኝምና ይዤው ወጣሁ። ትርሲት አልፎ አልፎ ትደውላለች።

«ሳበው?»

«ማግኔቱን እየፈለግሁ ነው።»

በሌላ ጊዜ፣ «ሳበው?»

«ማግኔቱ አርጅቷል መሰለኝ፣ ደከመው።»

ትስቃለች። እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። አንድም ቀን አላጣደፈችኝም። «አይዞዎት ጋሽ ይስማው፣ ዛጎል ለባሿም ቀስ ብላ ነው» ትለኝ ነበር።

ትናንት የደወለችው ዘይነባ ናት። ሕመሙ ትርሲት ላይ ረጅም ጊዜ እንደቆየ፣ ለማንም እንዳትነግር እንዳስማለቻት፣ አስከሬኑ ወደ አርባ ምንጭ እንደተሸኘ፣ ሞጣ ላይ ግን ድንኳን የተከለችው እሷ መሆኗን ነገረችኝ። ለትርሲት የቤት አከራይም እህትም እሷ ነበረች።

እንግዲህ ከሾፌሩ ድንኳን ወጥቼ ወደ ትክክለኛው ገባሁ። ከብቸና የመጡት መምህራን ተሰብስበዋል፤ ርዕሰ መምህራችንም አሉ፤ ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ክራባቱ ያው ነው። ሁሉም ያየኛል። ንግግሬን ግን ጎረቤት ጨርሼዋለሁ። ዕንባዬም እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ብልቃጧን አውጥቼ አግዳሚው ላይ አኖርሁ፤ ማግኔቱን አስጠጋሁ። ክሩ ብድግ አለ።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ማግኔቱን አራቅሁ፣ አስጠጋሁ፤ ክሩ ወደቀ፣ ተነሣ።

«ይህን ስንት ዓመት ያዙት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ብዙ። ማይክራፎኑ ተበላሽቷል እያልሁ።»

«ማይክራፎኑ እኮ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ ቆማ ታየናለች። «እኔ ዘንድ ነው የሞከረችው» አለች፣ «ከተበላሸ ሬዲዮ በወጣ ማግኔት። የሳበው ዕለት ጥርሷን እንዲህ ኳ ኳ ስታደርግ በር የተንኳኳ መስሎኝ ሄጄ ከፈትሁ። ሞጣ ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም ነበር። ማን ነው ብላት፣ ማንም አይደለም፤ ይህ ጥርስ ግን ብቸና ይሄዳል አለችኝ።»

ያን ጊዜ ነው ዕንባዬ ከጎረቤት የተመለሰው።

ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ይምጡ» አሉኝ። «ከእርስዎ ቀጥዬ እኔም የምለው አለኝ።» እሄዳለሁ። ቃሌን ዛሬ ለማያውቋት ሰዎች አንድ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ፤ የሾፌሩ ቤተሰብ በአርባውም እንድመጣላቸው ጠርተውኛልና እዚያም እደግመዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላየም። ማግኔቱን ስይዝ አውራ ጣቴን የጫንሁት አርባኛው ምስማር ላይ ነበር። አሁን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከማግኔቱ ጎን ተቀምጧል፤ ባለ ስድስት ቁጥር፣ ትንሽ ዝገት ጀምሮታል። እሷ ያመጣችው ባለ ሰባት የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ግድግዳ ላይ ተመትቶ ዛሬም ቁልፍ ይሰቀልበታል፤ የመታሁት እኔ ነኝ። ለትርሲት አንድ ምስማር አለብኝ፤ ባለ ሰባት።